የታህሳስ ሰኞዎች በአባቴ ቮልስ

ወልቂጤ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኜ በተመደብኩበት ዓመት፣ ቅዳሜና እሁድን ቡታጅራ እናትና አባቴ ቤት አሳልፌ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራዬ የምመለሰው በአባቴ ቮልስ ነበር። ሚኒባስ ጠፍቶ አይደለም፤ ሞልቷል። አባቴ ግን «ልጄ በደጋው ብርድ መንገድ ዳር ቆማ መኪና ስትለዋውጥ አላይም» ብሎ ነገሩን ዘጋው። እሱ አንዴ የዘጋውን ነገር የሚከፍት ሰው ደግሞ ቤታችን ውስጥ አልነበረም።

ቮልሷ በዕድሜ ትበልጠኛለች። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ የሰፈራችን ልጆች ሁሉ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በእሱ እጅ ያለፈ ነው። ሥራው ሞቅ ባለበት ዘመን ከሐራጅ ገዛትና ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም። መጀመሪያ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ነበረች ይላሉ። እኔ የማውቃት ግን በዝገቷ ልክ እየተለቀለቀች ብዙ ዓይነት ሰማያዊ ከሆነች በኋላ ነው። የቀኙ በር ከውስጥ አይከፈትም፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እጅን ወደ ውጭ አውጥቶ መክፈት ያስፈልጋል። ወለሉ ላይ፣ ከእግሬ ሥር፣ አስፋልቱ ሲሮጥ የሚያሳይ ሽንቁር ነበር።

የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። ሙቀቱ በቱቦ ተስቦ ወደ ፊት እንዲመጣ ነው የተሠራችው። የእኛዋ ቱቦዎች ግን በዕድሜ ብዛት ዝገው ስለተበሉ፣ ማሞቂያው ሲከፈት ከሙቀቱ ይልቅ ጭሱ ይቀድም ነበር። አንድ ቀን እናቴን ራሷን አዙሯት መንገድ ላይ ከወረደች በኋላ፣ አባቴ ቀዳዳዎቹን በዩኒፎርም ቁርጥራጭ ጠቅጥቆ ደፈናቸው። ከዚያ ወዲያ ቮልሷ ውስጥ ያለው ሙቀት እኛው ይዘን የገባነው ብቻ ሆነ።

ብርዱን አባቴ በመርፌ ነው የተዋጋው። ወንበሮቹን በብርድ ልብስ አለበሳቸው። ለእኔ ደግሞ ከአሮጌ ካፖርት ቆርጦ፣ ውስጡን ጥጥ ሞልቶ፣ ሁለቱን እግሮቼን አንድ ላይ የማስገባበት ከረጢት ሰፋልኝ። እስከ ጉልበቴ ይደርሳል፤ አፉ ላይ የሚጠብቅ ገመድ አለው። የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነኝ ብዬ፣ ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጌ፣ ከጉልበቴ በታች እንደ እህል ተከርችሜ እጓዝ ነበር። መጀመሪያ አፍሬበታለሁ። ኋላ ግን ከረጢቱ ታጥቦ ያልደረቀ እንደሆነ የማኮርፈው እኔ ነበርኩ።

ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ነው የምንነሳው። ርዕሰ መምህሩ የሰኞ ክፍሎቼን ወደ ረፋዱ ገፍቶልኝ ስለነበር ጊዜ አለን፤ ዋናው ችግር ቮልሷን መቀስቀሱ ነው። በብርድ ያደረ ባትሪ ቁልፍ ሲዞርበት አንዴ ያቃስትና ዝም ይላል። ያኔ አባቴ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን መሬት ላይ ያወርድና ይጠብቃል። የሚጠብቀው የሱብሒ ሶላት ሰግደው የሚመለሱትን ጎረቤቶቻችንን ነው።

ከሁሉ ፊት የሚደርሱት ሐጂ ናቸው። እህል ነጋዴ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ያደጉ፣ ሲጣሉም ሲታረቁም የሚሰማላቸው። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው «አሰላሙ አለይኩም! ዛሬም እምቢ አለች?» ይላሉ። ሌሎቹም ይጨመሩና ቮልሷን ቁልቁል ይገፏታል። እየተንገጫገጨች ትነሳለች። አባቴ ጡሩምባ ነፍቶ ያመሰግናል። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይነቃል።

በህዳር መጨረሻ ገደማ አንድ ሰኞ፣ ሐጂ ከመግፋታቸው በፊት በእኔ በኩል መጡና መስኮቱን አንኳኩ። ዝቅ አደረግኩላቸው።

«አንቺ ልጅ፣ መንጃ ፈቃድ አውጥተሻል አይደል?»

«አዎ ሐጂ፣ ግን ከፈተናው ወዲህ መሪ ይዤ አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን አወጣሽው? ለኪስ ጌጥ ነው? ንጂያ! ሽማግሌው ይረፍ።»

አባቴ ከወዲያ በኩል «ሐጂ፣ ወሬውን ተውና ግፋ!» አለ። ሰዎቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ሐጂ ግን አልሳቁም። ጨለማ ስለነበር ፊታቸውን በደንብ አላየሁትም፤ ቀልድ መስሎኝ አለፍኩት።

ቡታጅራ ላይ ያለው ብርድ ጋቢ ደርበው የሚችሉት ነው። ከከተማው ወጥተን ሽቅብ ስንያያዘው ግን አየሩ ሌላ ነው። ታህሳስ ላይ ውርጭ ያደረበት ሣር ነጭ ሆኖ ይጠብቀናል። ሰፋፊው የእንሰት ቅጠል ብርዱ ለብልቦት፣ ጫፉ ቡናማ ሆኖ ይንጠለጠላል። ቀድሞ የተነሳ ሰው ካለ ከጎጆው አናት ላይ ጭስ ይታያል፤ እንደዚያ ያለ ቤት ባየሁ ቁጥር ወርጄ ልግባበት ያሰኘኝ ነበር።

የሁለታችን ትንፋሽ መሄጃ ስለሌለው የፊት መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ትንፋሽ ቀዝቃዛ መስታወት ሲነካ ለምን ውሃ እንደሚሆን ለተማሪዎቼ እያስረዳሁ ነው የምኖረው። እዚያ ግን ሥራዬ መጥረግ ብቻ ነበር። አባቴ ከፍላኔል የሰፋው፣ እጥፍ የሆነ መጥረጊያ ነበረኝ። ከዳሽቦርዱ ላይ አነሳዋለሁ፣ በእሱ በኩል ዘርግቼ እጠርጋለሁ፣ ከዚያ በእኔ በኩል።

«ጥረጊው» ይለኛል።

እጠርጋለሁ።

ትንሽ ሄደን ደግሞ «ጥረጊው እስቲ፣ ይዞታል» ይላል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኩርባ ሲመጣ ነበር የሚለኝ። ታህሳስ ሲገባ ግን ቀጥ ባለው መንገድ ላይም አፉን አላሳርፍ አለ። እኔም እንቅልፌን ስላልጠገብኩ አንዳንዴ ሳላይ፣ በልማድ እጄን ዘርግቼ እጠርጋለሁ። ትዝ ሲለኝ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ስንት ጊዜ ደረቅ መስታወት እንደጠረግሁ አላውቅም።

ያ ሰኞ የታህሳስ መሀል ነበር። ደጋው ላይ ወጥተን መንገዱ ለጥ ወዳለበት ደርሰናል። ነግቷል። ፀሐይ ከኋላችን ወጥታ የቮልሷን ጥላ ከፊታችን ረዘም አድርጋ ጥላዋለች። ሰማዩ ጠርቶ ጉም የሚባል የለም። ከግራ በኩል፣ ከአንድ ግቢ አጥር፣ አንዲት ሴት የኮባ ቅጠል ተሸክማ ወጣች። ሸክሙ ከራሷ በላይ ነው። መንገዱን ለመሻገር ቀና ብላ አየችን፤ እንዳየናት እርግጠኛ የሆነ ሰው አካሄድ ነበር የምትሄደው፤ መንገዱ ውስጥ ገባች።

አባቴ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ጠበቅሁ። አልቀነሰም።

«አባዬ!» ብዬ ጮህኩ። «አባዬ፣ ሰው!»

ፍሬኑን የያዘው በእኔ ጩኸት ነው። መሪውንም ዝም ብሎ ወደ ቀኝ ጠመዘዘው። ሴትዮዋ ሸክሟን ጥላ ወደ ኋላ ዘለለች። ቮልሷ ውርጭ ባደረበት ሣር ላይ ተንሸራተተች፣ የፊት ጎማዋ ቦይ ውስጥ ገባ፣ ሞተሩ ጠፋ። እኔ እግሮቼ ከረጢት ውስጥ ስለነበሩ መደገፊያ አጥቼ ግንባሬ ከዳሽቦርዱ ጋር ተጋጨ፤ ግን ምንም አልሆንኩም።

«ምንድን ነው?» አለ አባቴ። «ምን ነበር?»

«ሴትዮ እኮ ናት! መንገዱ መሀል!»

«ጥረጊው ስልሽ... መስታወቱን ጥረጊው ስልሽ አትሰሚም» አለኝ። ድምፁ የቁጣ መሰለ። 

መጥረጊያው ጭኔ ላይ ነው። መስታወቱን አየሁት። በመስታወቱ በኩል ሴትዮዋ ቅጠሏን ስትሰበስብ፣ ሻሿ ወልቆ ትከሻዋ ላይ መውደቁ፣ ከአጥሩ ሥር የታሰረችው ጥጃ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል።

«አባዬ፣ መስታወቱ ንጹህ ነው» አልኩት።

ቀኝ እጁን ከመሪው አነሳና መዳፉን መስታወቱ ላይ አደረገ። ከላይ ወደ ታች ቀስ ብሎ ጎተተው። ከዚያ መዳፉን በሌላ እጁ ጣቶች ዳሰሰው። ደረቅ ነበር።

እንዲያ ተቀምጠን ሳለን ሴትዮዋ መጥታ በሩን ከፈተችልን። እኔ የጠበቅሁት ስድብ ነበር። እሷ ግን «እናንተ ደህና ናችሁ? አባባ፣ ተጎዱ እንዴ?» አለች። ያስደነገጥናት እኛ ሆነን ሳለ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ የምታየው እኛን ነው። ባሏና ጎረቤቶቿ ጩኸቱን ሰምተው እየሮጡ መጡ። ቮልሷን ለማውጣት ሲዞሯት «እናንተ ግቡ፣ ሙቁ፣ ይሄ የወንዶች ሥራ ነው» ብላ ወደ ቤቷ ወሰደችን። አባቴን ክንዱን ይዛ ነው የመራችው። እሱም እሺ ብሎ ተመራ። አባቴን ሰው ክንዱን ይዞ ሲመራው ያየሁት ያኔ ነው የመጀመሪያው።

ቤቱ ክብ፣ ሰፊ ነው። ከብቶቹ በወዲያ በኩል ሆነው ያመነዥካሉ፤ የእነሱ ትንፋሽና የእሳቱ ሙቀት አንድ ላይ ሆኖ ፊቴን ሲመታኝ ዓይኔ እንባ ሞላ። ከብርዱ ይሁን ከድንጋጤው አላወቅሁትም። ሴትዮዋ ከእሳቱ አጠገብ አስቀመጠችን። ትኩስ ወተት ቀዳችልን። ለአባቴ ስትሰጠው ጣሳውን እንዲይዘው ብቻ አልዘረጋችለትም፤ እጁን ፈልጋ ጣሳው ላይ አደረገችለት። እኔ ልጁ ሆኜ ሳምንት ሳይቀር አብሬው እየተጓዝኩ ያላየሁትን እሷ ከመንገድ እስከ እሳቱ ባለው አይታዋለች።

ወተቱን ስንጀምር እሷና አባቴ በጉራጊኛ ማውራት ጀመሩ። የእሷ ከእኛ ቤቱ ትንሽ ይለያል፤ ግን ይገባኛል።

«በዚህ ሰዓት ፀሐይዋ ዓይን ውስጥ ትገባለች» አለችው። «ሁሌ ነው። ሾፌሮች ሁሉ ይቸገራሉ።»

ፀሐይዋ ከኋላችን ነበረች። እሷም ታውቃለች፤ ቤቷ እኮ ነው፤ ፀሐይ በየት እንደምትወጣ ይጠፋታል? ለአባቴ ሰበብ እያቀበለችው ነበር። ሰበቡን ተቀብሎ «አዎን፣ ፀሐይዋ ናት» ቢላት ነገሩ እዚያው በቀረ፤ እኔም ምናልባት ልቤ እያወቀ ዝም ባልኩ።

አባቴ ግን ጣሳውን በሁለት እጁ እንደያዘ ራሱን ነቀነቀ። «የለም ልጄ» አላት። «ፀሐይዋ አይደለችም። ዓይኔ ነው። ከጠፋ ቆይቷል።»

ለእኔ አይደለም የነገረኝ። ለእናቴም፣ ለሐጂም አልነገረም። ልትሞትበት ለነበረችው ለማያውቃት ሴት፣ በእናቱ ቋንቋ ነገራት። እሷም «እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል፣ እኔንም ጠብቆኛል፣ እርስዎንም ጠብቆዎታል» ብላ ጣሳውን ሞላችለት።

ስንወጣ ቮልሷ መንገዱ ላይ ቆማለች። ቀላል ስለሆነች ወንዶቹ በእጃቸው አንስተው ነው ያወጧት። አባቴ አመስግኗቸው ሲያበቃ፣ ልማዱ ሆኖ በሾፌሩ በኩል ሄደ። በሩን ከፈተ። እዚያው ቆመ። ከዚያ በሩን እንደተከፈተ ትቶት፣ አንድ እጁን የቮልሷ አፍንጫ ላይ አሳርፎ፣ እየዳበሰ፣ በፊት በኩል ዞረና ወደ እኔ መጣ። ቁልፉን በእጄ አስያዘኝ።

«ሐጂ ተሳስቶ አያውቅም» አለኝ። «የሚያናድደኝም ለዚሁ ነው።»

እኔ ያን ዕለት እንዴት እንደነዳሁ ማውራት ያሳፍረኛል። እግሮቼን ከከረጢቱ አውጥቼ ፔዳሎቹ ላይ ሳደርግ ብርዱ በጫማዬ ሶል በኩል እስከ ጉልበቴ ወጣ። ተረከዙ ስላስቸገረኝ ጫማዬን አውልቄ በካልሲ ነዳሁ። ለመነሳት ስሞክር ደጋግሞ ጠፋብኝ። ሰዎቹ ከኋላ እየገፉ፣ ሴትዮዋ ከዳር ሆና እያጨበጨበች፣ በመጨረሻ ተነሳን።

«ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂው። ልክ ሕፃን እንደምታስተኚ» ይለኛል አባቴ። «አሁን ቤንዚን ስጫት። በቃ፣ በቃ። ስሚያት፤ ስታቃስት ማርሽ ቀንሺላት።»

«መንገዱን ልይ ወይስ እሷን ልስማ?»

«አንቺ እዪ። እኔ እሰማለሁ።»

እንዲያ ተከፋፍለን ነዳን። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ድምፁን ሲቀይር እሱ ቀድሞ ያውቃል። «አሁን ኩርባ አለ፣ ወደ ግራ የሚያጥፍ፣ ከድልድዩ በፊት» ይላል፤ እውነትም ኩርባው ይመጣል። መሀል ላይ መጥረጊያውን ከዳሽቦርዱ ላይ ዳብሶ አገኘውና በእኔ በኩል ያለውን መስታወት ይጠርግልኝ ጀመር። ይዞት ይሁን አይሁን አያውቅም። ዝም ብሎ ይጠርጋል። እኔም ተው አላልኩትም።

ወልቂጤ ስንገባ ፀሐይ ሞቃለች። ለርዕሰ መምህሩ ደውዬ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ አባቴን ይዤ ወደ ዓይን ሐኪም ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሲመረምረው ቆይቶ እኔን ወደ ውጭ አልጠራኝም። ፊት ለፊቱ ነገረው። የዓይኑ ውስጥ ግፊት ለዓመታት ጨምሮ ነርቩን ጎድቶታል። ግራው አልፎበታል። ቀኙ ገና አለ፤ ግን በጎንና በጎን ያለው ጠፍቶ መሀሉ ብቻ ነው የቀረው።

«ወረቀት ጠቅልለው በቀዳዳው ሲያዩ እንደማለት ነው» አለው።

«እንደዚያ ነው» አለ አባቴ። በመጨረሻ የሚረዳው ሰው ያገኘ ያህል ፊቱ ፈታ አለ። «ልክ እንደዚያ ነው።»

የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ ማቆየት ይቻላል አለን። ከዚያ ሐኪሙ መዝገቡን እየዘጋ «በምን መጣችሁ?» ሲለው፣ አባቴ ቀና ብሎ «ልጄ ነድታ አመጣችኝ» አለ። ኩራቱ እውነተኛ ነበር።

ለእናቴ ደውዬ ስነግራት «አውቅ ነበር» አለችኝ። በጣም ተናደድኩ። እያወቅሽ እንዴት በዚያ መንገድ ትለቂዋለሽ አልኳት። እኔንስ እንዴት አትነግሪኝም?

«ቁልፉን ደብቄበት አውቃለሁ» አለች። «ቀኑን ሙሉ ቤቱን ሲዳብስ ዋለ። ከዚያ ማሽኑ ፊት ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አባትሽ ሲያለቅስ አይተሽ ታውቂያለሽ? ማታ ኪሱ ውስጥ መልሼ ከተትኩለት። ምን ላድርግ ልጄ? ሐጂን ነገርኳቸው፤ ሐጂም ከመግፋት በቀር ምንም አልቻሉም።»

ቁጣዬ በስልኩ ውስጥ እንዳለ ቀለጠ።

የሚቀጥለው ሰኞ እኔ መሪውን ያዝኩ፤ አባቴ ግን አልቀርም አለ። እናቴ «ለምን ትንገላታለህ? እሷ ብቻዋን ትሂድ» ብትለው «መንገዱን ገና አልለመደችም» አላት። ወልቂጤ አብሮኝ ይደርስና ቁርስ በልቶ በሚኒባስ ይመለሳል። ቮልሷ ከእኔ ጋር ትቀራለች፤ አርብ ይዣት እመጣለሁ። ሐጂ ስንነሳ እየገፉ «አሁን የሰው ወግ ሆነ!» ይሉ ነበር።

አባቴን በደንብ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ባሉት ሰኞዎች ነው። ሲነዳ የማይናገር ሰው ነበር፤ አሁን ሥራ የለውም፤ እግሩን በእኔ ከረጢት ውስጥ ከትቶ ያወራል። በልጅነቱ አዲስ አበባ ሄዶ ስፌት ሲማር በመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተኝቶ፣ የደንበኛ ካፖርት ለብሶ አድሮ፣ ጠዋት በካውያ ተኩሶ መልሶ የሰቀለውን ነገረኝ። መርፌ ክር አልገባ ሲለው መጀመሪያ አምፖሉን እንደቀየረ፣ ከዚያ የመርፌ ነጋዴውን እንደቀየረ፣ በመጨረሻ ዓይኑ መሆኑን ሲያውቅ ጠባቧ የስፌት ክፍል ውስጥ በሩን ዘግቶ እንደተቀመጠ ነገረኝ።

አንድ ቀን፣ የማልደፍረውን ጠየቅሁት። «እኔን አውርደህ ስትመለስስ? ብቻህን?»

«አውቶቡስ እጠብቅ ነበር» አለ። «ከመናኸሪያው የሚወጣውን ጠብቄ ከኋላው እለጠፋለሁ። ኋላው ትልቅ ነው፣ ይታየኛል። ሲቆም እቆማለሁ፣ ሲሄድ እሄዳለሁ።»

«እስከ ቡታጅራ?»

«እስከ ቡታጅራ። አንድ ቀን እንዲያውም ተከትዬው መናኸሪያ ውስጥ ገባሁ። ዘበኛው ዱላ ይዞ መጣ። ‹አባት፣ ይቺ አውቶቡስ ናት?› አለኝ።»

ሳቁ ያዘውና መስታወቱን ሁሉ በትንፋሹ አደበዘዘው። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ አለቀ። በዚያ ኩርባ ሁሉ፣ በዚያ ገደል ዳር፣ የአውቶቡስ ኋላ ብቻ እያየ። ተሳፋሪዎቹ አንድም ቀን አላወቁም። ሰኞ ሰኞ እኔ ክፍል ውስጥ ቆሜ ስለ ብርሃን ሳስተምር፣ አባቴ እንደዚያ ሆኖ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት በመጨረሻ።

«ብነግርሽ በሚኒባስ ትሄጂ ነበራ» አለኝ። «ብርድ ነው።»

ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ወይም ካለውም አልነገረኝም።

የኮባዋን ሴትዮ ቤት ስናልፍ ጡሩምባ እንነፋለን። ግቢ ካለች ብቅ ትላለች። ጊዜ ሲኖረን ወርደን ከእሳቱ አጠገብ እንቀመጣለን። አባቴ ለልጆቿ ቁምጣ በልካቸው ሰፍቶ ወሰደላቸው፤ ልኩን የወሰደው በእጁ እየዳሰሰ ነው፤ ክሩን እናቴ አስገባችለት። አንደኛው ቁምጣ ትንሽ ጠመም ብሎ ነበር። ልጁ ግን አላወለቀውም።

በሦስተኛው ዓመት ወደ ቡታጅራ ተዛወርኩ፤ የሰኞ ጉዟችንም በዚያው አበቃ። ለመስቀል ወንድሜ ከአዲስ አበባ አዲስ መኪና ይዞ መጣ። አባቴን ከፊት አስቀምጦ ማሞቂያውን ከፈተለት። ትንሽ እንደሄዱ አባቴ ላቡን እየጠረገ መስኮት እንዲከፍትለት ለመነው። ወንድሜ ቤት ሲመለሱ «ይቺን ቮልስ ብንሸጣት ምን ይላችኋል? ቦታ ነው የያዘችው» አለ።

አባቴ ወደ ድምፁ ዞሮ «እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ?» አለው። «ባለቤቷን ጠይቅ።»

ቮልሷ የእኔ መሆኗን የሰማሁት እንደዚያ ነው። ወንድሜ አየኝ። እኔም አየሁት። አልሸጥኳትም።

አሁን ከከተማ ብዙም አላወጣትም። አንዳንዴ እንሴኖ ገበያ ድረስ እሄድባታለሁ፤ የማሞቂያ ቱቦዎቿን እንዲቀይርልኝ መካኒኩን ከጠየቅሁት ቆይቷል፤ ዕቃው አይገኝም ይለኛል። አባቴ በቀኝ ዓይኑ አሁን ብርሃንና ጥላ ይለያል፤ ጠብታውን እናቴ ናት የምታደርግለት። በህዳርና በታህሳስ ጠዋት ቤቱ ይበርደዋል። ቮልሷ ግን ግቢው ውስጥ ፀሐይ በሚያርፍበት በኩል ስለምትቆም፣ መስኮቷ ከተዘጋ ረፋዱ ላይ ከቤቱ ሁሉ እሷ ትሞቃለች። ስትሄድ ሰው የምታንቀጠቅጥ መኪና ስትቆም እንዲህ ትሆናለች ብሎ ማን ያስባል?

ያንን ያገኙት አባቴና ሐጂ ናቸው። ሐጂ ሱቃቸውን ለልጆቻቸው ትተዋል። ጠዋት ይመጣሉ፤ አባቴን በሾፌሩ በኩል ያስገባሉ፤ ራሳቸው ዞረው በቀኝ በኩል ይገባሉ። መስኮቱን ይዘጉና ስለ እህል ዋጋ፣ ስለሞቱ ጓደኞቻቸው፣ ስለ ልጆቻቸው እየተከራከሩ ይቀመጣሉ። ከውጭ ሲታዩ አፋቸው ሲንቀሳቀስ እንጂ ድምፃቸው አይሰማም። አባቴ ሲናደድ መሪውን ይመታል።

ትናንት እናቴ ቁርስ ይዛላቸው ወጥታ መስኮቱን ብታንኳኳ አልሰሟትም። ትሪውን ኮፈኑ ላይ አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረችና «ተያቸው፣ ገና ወልቂጤ አልደረሱም» አለችኝ።